እህቴ የላከችልኝን ሦስት የሶሪያሲስ መርፌ ልወጋው ወይስ ይቅርብኝ?

ሰፊው ከማርቆስ፣ ጥር 23

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት መርፌ አለኝ። ቤቴ ፍሪጅ ስለሌለ ያስቀመጥኩት ጎረቤቴ ሱቅ ነው፣ ከለስላሳው በላይ ባለው መደርደሪያ። ባለሱቋ የስኳር መድኃኒት መስሏታል። እኔም አላረምኳትም፤ የቆዳ ነው ብላት ከሚጠጣ ነገር ጋር አታስቀምጥልኝም ብዬ ፈራሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዕድሜዬ 41፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት፣ ከተማዬ ደብረ ማርቆስ። ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ከያዘኝ 14 ዓመት ሆነኝ። ሲጀምረኝ ክርኔ ላይ ከአንድ ብር ሳንቲም አትበልጥም ነበር። ጭርት ነው ተብዬ የፈንገስ ቅባት ስቀባ ስምንት ወር ፈጀሁ፤ ቅባቱ አለቀ፣ እሷ ግን ጉልበቴ ላይ እህት ወለደች። ከዚያ ራሴ፣ ከዚያ ወገቤ። በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ አይሆንም፤ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ሆኖ ከላዩ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ስሙን በትክክል የነገረኝ ሐኪም እስካገኝ ሦስት ዓመት ሄዷል።

ሥራዬን አስቡት። ጥቁር ሱፍ ስቆርጥ ቅርፊቱ ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። ደንበኛ ሲገባ በብሩሽ ጠረግ አደርግና «የጨርቁ ብናኝ ነው» እላለሁ። አምና ጥር፣ የሠርጉ ወቅት፣ አንዲት የሙሽራ እናት ልጇን ልለካው ሜትሩን ትከሻው ላይ ሳደርግ እጄን አየችው። «ቆይ፣ ሌላ ቀን እንመጣለን» አለች። አልመጡም። ቀብድ ከፍለው ነበር፤ ቀብዳቸውን እንኳ መልስ አላሉኝም። እስካሁን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ክሎቤታሶል የሚባለውን ቅባት ያለ ሐኪም እየገዛሁ ለዓመታት ተለቀለቅኩ፤ ብብቴ ሥር ያለው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ቀረ። ከሰባት ዓመት በፊት ሜቶትሬክሳት ታዘዘልኝ። ሐኪሙ «በሳምንት አንድ ቀን አራት ፍሬ» ብሎኝ ነበር፤ መድኃኒቱን የሰጠኝ ሰው ከረጢቱ ላይ የጻፈው ግን «4x1» ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የተጻፈ ልክ አልጨምርም አልቀንስም። በየቀኑ አራት አራት ዋጥኩ። በአምስተኛው ቀን አፌ ውስጡ በሙሉ ቆስሎ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ የደም ሴሎቼ ወርደው አልጋ ያዝኩ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ። (ይህን የጻፍኩት ለእኔ ብዬ አይደለም። እዚህ የምታነቡ ሜቶትሬክሳት የምትወስዱ ካላችሁ፦ በሳምንት አንድ ቀን ነው! በሳምንት!)

ካገገምኩ በኋላ በልኩ ስወስደው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሱን፣ በሌላው ቀን ፎሊክ አሲድ፣ ሁለት ዓመት ደህና ሰው ሆኜ ነበር። ከዚያ በደም ምርመራ ጉበቴ ተቆጥቶ ተገኘ። «አረቄ ትጠጣለህ?» አለኝ ሐኪሙ። «ጎጃሜ ነኝ ዶክተር» አልኩት። አልሳቀም። መድኃኒቱን አስቆመኝ፣ በሽታውም በሦስት ወሩ ተመልሶ መጣ፣ ከነቤተሰቡ።

ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ ወጥቼ አንድ የቆዳ ስፔሻሊስት አየኝ። ባዮሎጂክ የሚባል መርፌ እንዳለ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ እንደሚሆን ነገረኝ። ዋጋውን ስጠይቀው ማሽኖቼን በሙሉ በልቤ ሸጬ ደመርኩ፤ አልደረሰም። ከመጀመር በፊት የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበት ቫይረስና የኤችአይቪ ምርመራ፣ የደረት ራጅ የሚል ወረቀት ሰጠኝ። የማልገዛውን ጨርቅ ለምን እለካለሁ ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ አባይን ተሻግሬ ገባሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ አዛውንቶችን በየቤታቸው ትንከባከባለች። አንዷ አሮጊት ይኼው የእኔው በሽታ አለባቸው። ሐኪማቸው መድኃኒት ሲቀይርላቸው አዳሊሙማብ የሚባል 40 ሚሊግራም፣ እንደ እስክሪብቶ ያለ ሦስት መርፌ ተረፈ። እህቴ ለጥምቀት ለሚመጣ ሰው በበረዶ ከረጢት አድርጋ ላከችልኝ። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አደረ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ሰውየው እንዳለኝ አባይ በረሃ ሲደርሱ በረዶው ውሃ ሆኖ ነበር።

ልወጋው? ሦስቱ ለስንት ጊዜ ይይዙልኛል? የሳንባው ምርመራስ የግድ ነው? አልስልም፣ አላልበኝም፣ አልከሳሁም። እርግጥ እናቴ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ሳንባ ነቀርሳ ታማ ታክማ ድናለች። ያ ግን ያኔ ነው።

ጸበል ግባ ልትሉኝ ያሰባችሁ፣ ገብቻለሁ፤ ጥያቄዬ ስለ መርፌው ነው።

———

ዘጎጃም፣ ጥር 23

ልጄ፣ ጸበል ገብቻለሁ ስትል ስንት ቀን ገባህ? ሰባት ቀን ገብቶ ወጣ የሚባለው አይደለም። የፈረንጅ አሮጊት ትራፊ ከመወጋት ግሼ ዓባይ ሄደህ ሱባኤ ብትይዝ ይሻልሃል። ደግሞ ይኼ ነገር አይጋባም ወይ? የሰው ልብስ ነው የምትነካው፤ ክፉ አትበለኝ።

———

ሰፊው ከማርቆስ፣ ጥር 23

ጋሼ፣ ክፉ አልልዎትም። ግሼ ዓባይ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ 21 ቀን ገብቻለሁ። ልቤ አርፏል፣ እውነቴን ነው። ክርኔ ግን እንዳለ ነው። እንደገናም እገባለሁ፤ ጸበልና መርፌ ተጣልተው አላየሁም።

አይጋባም። ባለቤቴ 12 ዓመት ከጎኔ ተኝታለች፣ አንድ ነጥብ የለባትም። ሁለቱ ልጆቼ በዚሁ እጅ አድገዋል።

———

መድኃኒተኛዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጥር 24

ወንድሜ፣ አትወጋው። ምክንያቴን ልንገርህና ራስህ ፍረድ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ሐኪምህ ግን አይደለሁም።

መጀመሪያ እንደ ሥራህ እንለካው። አዳሊሙማብ ለሶሪያሲስ ሲጀመር የመጀመሪያው ቀን 80 ሚሊግራም ነው። የአንተ መርፌ አንዱ 40 ስለሆነ በዚያው ቀን ሁለቱ አለቁ። በሳምንቱ ሦስተኛው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እየተባለ ይቀጥላል። ሐኪም መድኃኒቱ ሠርቷል አልሠራም ብሎ የሚፈርደው ወደ 16ኛው ሳምንት ላይ ነው፤ አንተ በ8ኛው ቀን ጨርሰሃል። ያለህ ጨርቅ ለአንድ እጅጌ ነው። ሱፍ አይወጣውም።

ኪሳራው ማለቁ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰውነት እነዚህን መድኃኒቶች ጀመር ተወት ሲያደርጓቸው እንደ እንግዳ ነገር ቆጥሮ የራሱን መከላከያ ያበጅባቸዋል። ነገ ተሳክቶልህ በትክክል ልትጀምር ስትል ያው መድኃኒት እንደሚገባው ላይሠራልህ ይችላል። ዛሬ ለስምንት ቀን ብለህ የነገውን አታበላሽ።

አሠራሩን ባጭሩ። የሰውነት መከላከያ ጠላት ሲገባ እሪ ብሎ የሚጣራባቸው ኬሚካሎች አሉት። ሶሪያሲስ ላይ ጠላት ሳይኖር እሪ ይባላል፤ እሪ በከንቱ። ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ነበር የሚፈጅበት፤ ጩኸቱን ሲሰማ በጥቂት ቀን ውስጥ ያድሳል፣ ሳይበስል ይወጣል። ጥቁር ሱፍ ላይ የሚረግፍብህ እሱ ነው። ሜቶትሬክሳት ሰፈሩን በሙሉ ዝም ያሰኛል። ባዮሎጂክ ግን ከጯሂዎቹ አንዱን ለይቶ አፉን ይይዘዋል። አዳሊሙማብ የሚይዘው ቲኤንኤፍ የሚባለውን ነው፤ ኢታነርሰፕትና ኢንፍሊክሲማብም እንደዚያው። ኡስተኪኑማብ ኢንተርሉኪን ከሚባሉት ጯሂዎች 12ንና 23ን፣ ሴኩኪኑማብ 17ን፣ ሪሳንኪዙማብ 23ን ብቻ። ፕሮቲን ስለሆኑ ብትውጣቸው ጨጓራህ እንደ ሥጋ ይፈጫቸዋል፣ ለዚህ ነው በመርፌ የሚሰጡት። አንድም ከሥሩ ነቅሎ የሚያድን የለም። አፉን የያዝከው ጯሂ ስትለቀው ይጮኻል።

አሁን እኔን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ፤ የእናትህ ነገር። «ያ ያኔ ነው» ያልከው ያኔ ላይሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ በልጅነት ገብቶ ሰውነት ዙሪያውን አጥር ሠርቶ ሊያስረው ይችላል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሳያስል፣ ሳያልብ፣ ሳያከሳ ይተኛል። ያንን አጥር አቁሞ ከሚይዙት ነገሮች ዋናው ቲኤንኤፍ ነው። አንተ አሁን ልትወጋ ያሰብከው ቲኤንኤፍን የሚይዝ መርፌ ነው። ገባህ? አጥሩን በገዛ እጅህ ነቅለህ በሬውን ማሳው ውስጥ መልቀቅ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ የሆነባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፣ አንተ ደግሞ ታማሚ እናት ጉያ ውስጥ ያደግክ ነህ። የጉበት ቫይረስ ቢም እንደዚያው ተኝቶ ከቆየበት ሊነሳ ይችላል። ሐኪሙ ወረቀቱን የሰጠህ ለወጉ አይደለም።

ምርመራው ደግሞ እንደ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ክንድህ ላይ ትንሽ ይወጉሃል፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያበጠውን በማስመሪያ ይለኩታል፤ ራጅ ይጨመርበታል። የተኛ ቲቢ ቢገኝብህ የዓለም ፍጻሜ አይደለም፤ የመከላከያ መድኃኒቱን ጀምረህ ቢያንስ አንድ ወር ከሄድክበት በኋላ ሐኪምህ መርፌውን ሊያስጀምርህ ይችላል።

በረዶውን በተመለከተ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ዋናው አዳሊሙማብ ከ25 ዲግሪ ካላለፈ እስከ 14 ቀን ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል ይላል መመሪያው፤ የሌሎቹ አምራቾች እንደየራሳቸው ነው። ማርቆስ ጥላ ሥር ቢሆን አላስብም ነበር። አባይ በረሃ፣ ውሃ በሆነ በረዶ፣ መስኮት ሥር? ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ማንም አያውቅም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ተበላሽቶም አንዳንዴ ጥርት ያለ ውሃ መስሎ ይታያል። ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ከልክ ያለፈ መቀዝቀዝ ነው። በረዶ የነካውና የረጋ መርፌ ቢሟሟም አይሆንም፣ ይጣላል።

ዋጋውን አላቀልልህም። አሜሪካ ውስጥ የዝርዝር ዋጋቸው በዓመት በአሥር ሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው። የረከሰው ባዮሲሚላር ነው፣ ማለትም የዋናው አምራች የብቻ መብት ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች አመሳስለው የሚሠሩት። የመጀመሪያው የአዳሊሙማብ ባዮሲሚላር የወጣው ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዳሊሙማብን በ2019 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝር ውስጥ መግባትና ጎጃም መግባት ግን ለየቅል ነው። ከውጭ ካስመጣህም በስምህ በተጻፈ ማዘዣ ይሁን፣ ጉምሩክ ላይ እንዳትንገላታ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን አስቀድመህ ጠይቅ።

———

የዳንግላዋ መምህርት፣ ጥር 25

ሰፊው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠዋት ተነስተህ መቀስ ስትይዝ ጣትህ ይገትርሃል? እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል? ጥፍርህስ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ይመስላል?

የምጠይቅህ የእኔ ቆዳ ከአንተ ስለሚያንስ ነው። እኔ ጋ ክርንና የራስ ቆዳ ብቻ ነበር፣ ሻሽ ይሸፍነዋል። ያስለቀሰኝ ጣቴ ነው። አንድ ቀን ጠመኔ ልይዝ ስል የመሐል ጣቴ አብጦ የአዊ ድንች አክሏል። ተማሪዎቹ ፊት ጠመኔው ከእጄ ወደቀ፣ አነሳሁት፣ ደግሞ ወደቀ። ሪህ ነው ተብዬ የሪህ መድኃኒት ስውጥ ዓመት አለፈ። ለካስ የሶሪያሲስ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ከሕሙማኑ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ላይ ይመጣል አሉኝ። የቆዳው ጉዳት ይመለሳል፤ የተበላ መገጣጠሚያ ግን አይመለስም። እኔ መርፌውን የጀመርኩት ለቆዳዬ ብዬ አይደለም፣ ለጠመኔው ነው።

የሕንዱን አዳሊሙማብ ነው የምወስደው። አጎቴ ለልብ ሕክምና ሕንድ ሲመላለስ ሐኪሜ በስሜ በጻፈው ማዘዣ ነው መግዛት የጀመርነው። ምን እንደሚሰማ ልንገርህ፣ ማንም ስላልነገረኝ። መጀመሪያ የቀረው ማሳከኩ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሳልነቃ አደርኩ፣ ጠዋት ግራ ገባኝ። ቅርፊቱ ስድስት ሳምንት ገደማ ላይ መሳሳት ጀመረ። በአራተኛው ወር ክርኔ ልስልስ አለ፤ ነጣ ያለ ጠባሳ መሰል ነገር ቀረ፣ እሱም ቀስ እያለ የራሴን መልክ ያዘ። ጣቴ ከሁሉም ዘገየ። ግን ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ቀኑን ስጽፍ ጠመኔው አለመውደቁን ያወቅኩት ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሦስት ወር መርፌ አልደረሰኝም። በሁለተኛው ወር ሁሉም ተመለሰ፣ ሳይቀንስ። እንደገና ስጀምር ሠራ፣ ውሸት አልናገርም፤ እንደ በፊቱ ግን አልሆነም። የግራ ክርኔ ላይ አንዲት ቁራጭ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። መድኃኒተኛዋ ያለችው እውነት ነው። ከመርፌው ይልቅ አስብ ብዬ የምመክርህ የመርፌውን ተከታይ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ለሚወጋ ሰው የእኛ መንገድ አይመችም።

አወጋጉ ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት አስቀድመህ ከፍሪጅ ታወጣዋለህ፣ ቀዝቃዛውን ከወጋኸው ያቃጥላል። አትነቅንቀው፣ እሳት ዳር አታሙቀው (እናቴ ቡናው ጀበና አጠገብ አስቀምጣልኝ ታውቃለች፣ ጣልነው፤ ስንት ብር!)። ጭን ወይ ሆድ፣ ቁስሉ የሌለበት ቦታ፣ በየጊዜው ቦታ እየቀየርክ።

———

ሰፊው ከማርቆስ፣ ጥር 25

እህቴ፣ ያልሽውን አንብቤ ዛሬ ጠዋት ሰዓት ይዤ ለካሁት። መቀሱን በደንብ ጨብጬ መቁረጥ እስክችል 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። እኔ እርጅና ብዬው ነበር፤ አባቴም ሰፊ ስለነበር እጁ ይገትረው ነበርና በዘር የመጣ የሙያ በሽታ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ጥፍሬን ባለቤቴ ባትሪ አብርታ አየችው። የአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ቆጠረች፣ 11 ነጥብ። ሰው እንዴት የራሱን ጥፍር ሳያይ ይኖራል?

መድኃኒተኛዋ፣ ስድብሽንም ምክርሽንም ተቀብያለሁ። ግን እንዲሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚወጋ የለም?

———

መድኃኒተኛዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጥር 26

ስድብ አይደለም ወንድሜ፣ በሬው ነው ያስቆጣኝ።

አለ። ኡስተኪኑማብ መጀመሪያ፣ በ4ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየ12 ሳምንቱ ነው። ሪሳንኪዙማብም በዚያው ልክ ይሄዳል። ጉሰልኩማብ በየ8 ሳምንቱ። ቲቢን የመቀስቀስ አደጋቸውም ቲኤንኤፍን ከሚይዙት ያነሰ ነው፤ ምርመራው ግን ለእነሱም አይቀርም። ችግሩ ኪስ ነው። የኡስተኪኑማብ ባዮሲሚላሮች በቅርብ ዓመታት መውጣት ጀምረዋል። ጣትህ ላይ ያለውን ነገር ለሐኪሙ ሳትነግር ግን ምርጫው አይጀመርም፤ ለመገጣጠሚያ የሚሻለው ለቆዳ ከሚሻለው ሊለይ ይችላል።

እስከዚያው ካልሲፖትሪዮልና ቤታሜታሶን አንድ ላይ ያለው ቅባት ካገኘህ፣ ሐኪም በነገረህ መጠን። የማለዳ ፀሐይም አትናቅ፤ በመሣሪያ የሚሰጠው የብርሃን ሕክምና የፀሐይን አንድ ጨረር ለይቶ መጠቀም ነው። ከአሥር ደቂቃ ሳይበልጥ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀመጥ። እንዳትቃጠል ብቻ፣ የተቃጠለና የተቧጨረ ቆዳ ላይ አዲስ ያወጣል።

አረቄውን ተው። አሁን ቀልድህን እኔም አልስቅበትም።

———

ሰፊው ከማርቆስ፣ መጋቢት 13

ምን ላይ ደረስክ ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ልጻፍ።

መርፌዎቹ የሉም። ጥር መጨረሻ ላይ መብራት በቀን ሦስት ጊዜ ሲጠፋ ባለሱቋ «የሰው መድኃኒት እጄ ላይ እንዳይበላሽ» ብላ ወደ በረዶ ቤቱ፣ ከሥጋው ጎን አዛወረችው። ለደግነቷ። ማታ ሄጄ ሳየው እንደ ብረት ጠንክሯል። የስኳር ነው ባላስመስል ኖሮ እጠይቅህ ነበር አለችኝ። ምን ልበላት? ለስላሳ ጋብዛኝ ተለያየን። የቆዳ መሆኑን ነገርኳት፤ «እና?» አለች፣ ሌላ ነገር አላለችም።

ምርመራውን አደረግኩ። ክንዴ ላይ ወጉኝ፣ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ በማስመሪያ ለካችው፣ 14 ሚሊ ሜትር። እኔ በሜትር ነው የማስበው፣ 14 ሚሊ ምን አላት ብዬ ነበር። ልጅቷ ግን ፊቷ ተለወጠ። ራጁ ንጹሕ ነው፣ የጉበት ቫይረስም ሌላውም የለብኝም። የተኛ ቲቢ ነው። እናቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ «እኔ ነኝ የሰጠሁህ» አለች። 34 ዓመት ተኝቶ የኖረ ነገር ነው እማዬ፣ አላስቸገረኝም አልኳት። ያን ሦስት መርፌ ወግቼው ቢሆን ብዬ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ።

ባሕር ዳር ያለ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ተጭኖ አየ፣ ራጅ አስነሳኝ። መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል፣ ገና ነው ግን፣ አልበላውም አለ። ስለዚህ መርፌው ለእኔ ቅንጦት አይደለም ብሎ ጻፈልኝ፣ በስሜ። ለቲቢው ኢሶናያዚድና ሪፋፔንቲን ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን። ጉበቴ ቀድሞ ስለተቆጣ በየወሩ ደም እሰጣለሁ። አረቄ ከጥር ወዲህ አልቀመስኩም፤ ጾሙም አግዞኛል።

እህቴን ሁለተኛ የሰው መርፌ እንዳትልኪ፣ ብሩን ላኪ አልኳት። እሷ ግማሹን፣ እኔ ግማሹን። የእኔው ግማሽ እቁብ ነው፤ ዕጣዬ ግንቦት ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የቲቢውንም እጨርሳለሁ። ከየትኛው መርፌ እንደምጀምር ሐኪሙ ከዋጋው ጋር አብረን እናያለን ብሏል። የዳንግላዋ መምህርት፣ አጎትሽ የሚገዛበትን ቦታ ለሐኪሜ እንድነግረው በውስጥ መስመር ብትጽፊልኝ።

ዛሬ አምስተኛው እሑድ ነው። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ሆኗል፣ ደንግጬ ነበር፣ ከመድኃኒቱ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን የሰጠችኝ ልጅ ከረጢቱ ላይ ቁጥር ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታነሳ «የኔ ልጅ፣ በፊደል ጻፊልኝ» አልኳት። «ምን ብዬ?» አለች። «እሑድ ብቻ» አልኳት፤ ጻፈች፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።